መቶ አርባ ስድስት ቅርፊት

ደባርቅ ገበያ፣ ቆዳ ተራ አጠገብ ሳልፍ እርጥብ የፍየል ቆዳ ከሸተተኝ ቀኝ እጄ ሳላዘው በአናቴ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮዬን ይይዛል። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አደረገኝ። ቆዳ ሻጩ ጎልማሳ አይቶኝ፣ «እትዬ፣ ጆሮዎን አመመዎት እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ አድጌ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው፤ አልቀለድኩም።

ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ዳባት ውስጥ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ አላውቅም። እናት የልጇን ዕድሜ «ያ ትልቁ በረዶ ገብሱን የመታው ዓመት» እያለች ትቆጥራለች እንጂ ቀን አትይዝም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ዕድሜን የሚለካው በክንድ ነበር። መስከረም ሲጠባ ልጆች ይሰለፋሉ፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ «ሰባት ሞልቶታል» ይባልና ይመዘገባል። ያልነካ ለከርሞ ይመለሳል።

እኔ ሁለት መስከረም ተሰልፌ ሁለት መስከረም ተመልሻለሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ኩፍኝ ይዞኝ ነበር። ሞት ቢምረኝም ከዚያ ወዲህ አላድግም አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ደሴ ከኋላዬ ተሰልፎ ነበር። እኔ ጣቴ ግንባሬ ጠርዝ ላይ ሲቀር እሱ ጆሮውን ሊነቅለው እስኪመስል ጨምድዶ ይዞ ገባ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ቀድሜው ሮጥኩ፤ እንባዬን እንዲያይብኝ አልፈለግኩም።

በዚህ ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል አክስቴ ጌጤ መጣች። አክስቴ ኮሶዬ ነው ቤቷ። ወንድ ልጅ ወልዳ ገና አርባው ወጥቶ ነበር፤ እርሻም ከብትም አለባት፤ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው የላትም። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ጨንቋት ነው። እናቴን፣ «ብርቄን ስጪኝ በሞቴ። መቼም ትምህርት ቤቱ አልወሰዳት» አለቻት።

እናቴም፣ «የመጪውን መስከረም ደግሞ ትሞክር። ካልሆነላት ትወስጃታለሽ» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ክረምቱን በሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከመስከረም በፊት ማደግ።

የዚያን ክረምት እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ስለምትውል እኔን ወደ አባ ይርዳው ሰደደችኝ። አባ ይርዳው የእናቴ አጎት ናቸው። ከጓሯችን፣ ከድንጋይ ካቡ ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ብራና መፋቅ ነው። የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በአራት እንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ወጥረው፣ ፀጉሩንና ሥጋውን ፍቀው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚጻፍበትን ነጭ ብራና ያወጣሉ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል መወጠሪያውን አብረን ወደ ደጅ እናወጣና ከውሻ እጠብቃለሁ። ጭጋጉ ከገደሉ ሽቅብ ሲወጣ መልሰን እናስገባለን። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ እናወጣለን፣ እናስገባለን። ሽታው ልብሴ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ደሴ ከጎኔ አልተኛም ይል ነበር።

እኔ ግን ሽታውን ችዬ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ጠዋት ተጨማድዶ እንደ አሮጌ ጨርቅ የተኮማተረው ቆዳ፣ ገመዱ እየጠበቀ እየጠበቀ ሲሄድ ማታ ላይ እኔን የሚያክል ይሆናል። አንድ ቀን መወጠሪያው ባዶ ሲሆን ጠብቄ፣ እንጨቱ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«አባ፣ እኔንም ይወጥሩኝ።»

መፋቂያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ሳቃቸውን ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው።

«ብራና የሚወጠረው እኮ ፍየሉ ከሞተ በኋላ ነው፣ ልጄ። አንችን ምን አስቸኮለሽ?»

ምን እንዳስቸኮለኝ ነገርኳቸው፤ ስለ ጆሮዬም፣ ስለ አክስቴም፣ ስለ ኮሶዬም። አልሳቁም። ወደ ፍቂያቸው ተመለሱ፤ እኔም የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከካቡ ሥር ውሃ ልደፋ ስል በሁለት ድንጋዮች መካከል ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ስስ ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ጠጋ ስል ራስ አለው። ዓይንም አለው። ጩኸቴን አቀለጥኩት።

አባ ይርዳው መፋቂያቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡና አይተው ተረጋጉ።

«ኧረ ዝም በይ! ልብሱ ነው እንጂ እባቡ አይደለም። እዚህ ካብ ውስጥ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። መርዝ የለውም። ቆዳዬን የሚበሉትን አይጦች እሱ ባይጠብቅልኝ ይኸን ጊዜ ምን እፍቅ ነበር?»

ቆዳውን ሳይቀደድ ቀስ ብለው ሳቡት። ውሃ ነክረው አለዘቡትና ሰሌዳ ላይ ዘርግተው በአጋም እሾህ ወጠሩት። ቆዳ አይተው ዝም ብለው ማለፍ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ያስፈራኝ ዓይኑ ነበር። የዓይኑ ሽፋን እንኳ ሳይቀር አብሮ ወልቋል፤ እንደ ጤዛ ጠብታ ክብ ሆኖ ይታያል።

«እንዴት አድርጎ አወለቀው?»

«ከከንፈሩ ይጀምራል። አፉን ድንጋይ ላይ አሽቶ አሽቶ ያላቅቀዋል። ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሽለኮለከ ወደፊት ይሄዳል፣ ልብሱ ተገልብጦ ወደኋላ ይቀራል።»

«ለምን ያወልቀዋል?»

«ጠብቦት ነዋ።»

«ካወለቀው በኋላ ያድጋል?»

እሾሁን እየተከሉ ስለነበር ቀና ሳይሉ «ያድጋል» አሉኝ። ይህች አንዲት ቃል ትከሻዬን አስላጠችኝ።

በማግስቱ አባ ወደ ማኅበር ሲሄዱ ጠብቄ እባቡ ያወለቀበት ቦታ ሄድኩ። ካቡ ከላይ ፈርሶ ጠባብ ክፍተት አለው። ቀሚሴን አውልቄ ድንጋይ ላይ አኖርኩ። ከንፈሬን ድንጋዩ ላይ አሸሁ፤ አልተላቀቀም። እንግዲህ ከትከሻ ይጀመራል ብዬ በክፍተቱ ራሴን አስገብቼ ገፋሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀርኩ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አልኩ። በመጨረሻ ነፍሴን ይዤ ስወረወር ትከሻዬና ጎኔ ተልጦ ደም ሆኗል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቆሜ እጄን በአናቴ ላይ ማሳለፍ ነው። ጣቴ ግንባሬ ላይ ቀረ።

እናቴ መታችኝ፣ ከዚያ ቅቤ ቀባችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። አባ ይርዳው ከማኅበር ተመልሰው ሲሰሙ አጠገቤ ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ትከሻዬን ሲመለከቱ ቆዩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሳላስተውል መለስኩልሽ። አየሽ ብርቄ፣ ቆዳውን ስለጣለ አይደለም ያደገው። ስላደገ ነው የጣለው። እድገቱ ውስጥ ለውስጥ ቀድሞ አልቋል።»

«ታዲያ እኔ ውስጤ እያደገ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

 ዋሽተው የሚያጽናኑ ሰው አልነበሩምና ቅቤውን አንስተው ቁስሌን ደግመው ቀቡልኝ።

ቁስሌ ሲደርቅ የፍልሰታ ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት አባ ይርዳው ብዕሮቻቸውን ከሚያኖሩበት ሸምበቆ ውስጥ ሌላ የእባብ ቆዳ አወጡ። ካቻምና ከዚያው ካብ ያገኙት ነው፤ ከትንሽ ጣቴ አይወፍርም። አዲሱ አውራ ጣታቸውን ያክላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጓቸው። በጀርባው በኩል ቅርፊቱ ደቃቅ ነው፤ በሆዱ በኩል ግን ሰፋፊ ሆኖ ከአንገት እስከ ጭራ አንድ በአንድ ተደርድሯል።

«እስቲ የትኛው ይበዛል?» አሉኝ።

«የትልቁ ነዋ! ቤት ሲሰፋ ቆርቆሮ ይጨመርበት የለ?»

«እንቁጠረው እንግዲህ።»

መቁጠር አልችልም ነበር። ስለዚህ የተቆላ ባቄላ አመጡና በእያንዳንዱ የሆድ ቅርፊት ላይ አንድ አንድ ፍሬ አስቀመጥን። የትንሹን ሰብስበን በአንድ ወጭት፣ የትልቁን በሌላ ወጭት። ከዚያ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ እያወጣን አጣመድናቸው። የትልቁ ዘጠኝ ፍሬ ጎደለ።

እንዴት ያንሳል? ግራ ገብቶኝ ቀና ስል የአባ ይርዳው መንጋጋ ይንቀሳቀሳል።

«አባ! ጾሙን ገደፉ!»

ደንግጠው ተፉት፤ አማተቡ። ገና አራት ሰዓት አልሞላም። «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ፤ እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም» እያሉ ደጁን ዞሩ። ያን ቀን የሳቅኩትን ሳቅ ከኩፍኙ ወዲህ ስቄው አላውቅም።

በሚቀጥለው ቀን በጥሬ ባቄላ ደገምነው። ይህን ጊዜ ከሁለቱም ወጭት የመጨረሻው ፍሬ እኩል ወጣ። አላመንኩም። እንደገና አደረግነው፤ እኩል ነው። ከዚያ አባ ቁጥር አስተማሩኝ፣ እሳቸው በለመዱት በግዕዙ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያልኩ ዐሥር ዐሥር አድርጌ ከመርኩ። ምእት ወአርብዓ ወስድስቱ። መቶ አርባ ስድስት። በትንሹም በትልቁም።

«ሁለት የተለያየ እባብ ቢሆንስ?» አልኩ፤ እልኸኛ ነበርኩ።

አባ ይርዳው ከአንገቱ ሠላሳ አንደኛውን ቅርፊት በጥፍራቸው አሳዩኝ። መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። በትንሹ ቆዳም ያው ሠላሳ አንደኛው፣ ያው ስንጥቅ፤ ብቻ እዚያ ላይ ቀጭን ጭረት ነው፣ እዚህ ላይ ግን ሰፍቷል።

«ግልገሏን መዥገር የነከሳት ቦታ ፍየሏ ካረጀችም በኋላ አለ። ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። እኔ በስንቱ ብራና አይቼዋለሁ፤ አንድ እባብ ነው። ቁጥሩን እንደያዘ ነው የተፈለፈለው ማለት ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንድ አንዱ ሰፋ እንጂ።» ቆዳውን ወደ ብርሃን አንስተው፣ «አርባ ዓመት ቆዳ ስፍቅ ኖሬ ይህን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን እኔን ሲያዩ «ኩፍኝ እኮ ጨርሷታል» ይላሉ። እኔም ኩፍኙ ከውስጤ የሆነ ነገር ወስዶ የሄደ ይመስለኝ ነበር፤ ሌሎች ልጆች ያላቸው፣ እኔ የሌለኝ። የዚያን ቀን ግን ምንም እንዳልጎደለኝ አመንኩ። ሁሉም አለኝ፤ ገና አልሰፋም። በደስታ ሁለቱን ወጭት ባቄላ ደፋሁት።

በምዝገባው ዋዜማ እናቴ ፀጉር የጣት ያህል ቦታ ይወስዳል ብላ ራሴን በምላጭ ላጨችኝ። ጠዋት እሷና አባ ይርዳው ይዘውኝ ሄዱ። ተራዬ ደረሰ። እጄን አሳለፍኩ። ጣቴ ከግንባሬ አልፏል፤ ግን ጆሮዬ ገና ሩቅ ነው። አንገቴን ባጣምም መምህሩ ቀና አድርገው አቆሙኝ።

«ለከርሞ» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ ይርዳው ግን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ከጋቢያቸው ውስጥ ሁለቱን የእባብ ቆዳዎች አውጥተው መዝገቡ ላይ ዘረጉ። መምህሩ ወንበራቸውን ገልብጠው ተነሡ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ አባ ይርዳው፣ እየሳቁ። «ባዶ ልብስ ነው፤ ይቀመጡ። ልጅቱ የምትነግርዎት ነገር አላት።»

ስለ ባቄላው፣ ስለ ሠላሳ አንደኛው ቅርፊት ነገርኳቸው። መምህሩ መጀመሪያ የሚሰሙት ከቆዳው ርቀው ነበር፤ በኋላ ጎንበስ አሉ። «እስቲ ቁጠሪልኝ» አሉኝ። በጣቴ እየነካሁ «አሐዱ፣ ክልኤቱ...» ስል የተሰለፈው ልጅ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ቄስ የሆንኩ መስሏቸው። እኔ ግን ምእት ወአርብዓ ወስድስቱ እስክል አላቆምኩም።

መምህሩ እስክርቢቶውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«አባቴ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አሉ። «መዝገብ ላይ አልጽፋትም። ትግባና ትቀመጥ። ጆሮዋን የነካች ቀን እጽፋታለሁ።»

አክስቴ ጌጤ ይህን ሰምታ፣ «ስሟ ካልተጻፈ ምኑን ተማሪ ሆነች?» አለች። ተነጋግረው እስከ ፋሲካ ቀጠሮ ተሰጠኝ። እስከዚያ ስሜ መዝገብ ካልገባ ከበዓሉ በኋላ ኮሶዬ እሄዳለሁ።

ክፍል ውስጥ ወንበር ለተመዘገበ ልጅ ነው፤ እኔ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ስም ሲጠራ ሁሉም «አቤት» ይላል፤ እኔ አልጠራም። ቅጽል ስሜ «አሐዱ» ሆነ። ሰኞ ሰኞ ከሰልፍ በኋላ መምህሩ ይጠሩኛል፤ እጄን አሳልፋለሁ፤ «ገና ነሽ» ይላሉ። ሲመሽ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንጠለጠላለሁ። ጥር ላይ የጣቴ ጫፍ ከጆሮዬ በላይ ያለው ቦታ ላይ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፀጉሬ አድጎ ነበርና እናቴ እንደገና ላጨችኝ።

በሁዳዴ እባቡ ሦስተኛ ልብስ ጣለ። ሮጬ ሄጄ ቆጠርኩ። መቶ አርባ ስድስት። ስንጥቁም በቦታው ነው። ያን ቀን ግን አልተደሰትኩም።

«እሱ ሦስቴ ሰፋ፣ እኔ አንዴም አልሰፋሁም» አልኳቸው አባ ይርዳውን።

«እሱ ሰኞ ሰኞ አይለካም» አሉኝ።

የሰሙነ ሕማማት ዕረፍት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አክስቴ ጌጤ በዓሉን ከእኛ ጋር ውላ እኔን ልትወስድ ከነልጇ በጠዋቱ አውቶቡስ መጥታ ቤት ተቀምጣለች፤ ቀሚሴ ታጥቦ ታጥፏል። የመጨረሻው ሰኞም ጣቴ ለጥቂት ቀርቶ «ገና ነሽ» ተብዬ አልፏል። ክፍል ውስጥ ድንጋዬ ላይ ሆኜ የመጨረሻዬ ነው እያልኩ ፊደል እገለብጣለሁ። ግራ እጄ ከግድግዳውና ከጎኔ ካለው ልጅ መካከል ተቀርቅሯል። ቁንጫ ግራ ጆሮዬን ነከሰኝ። እስክርቢቶዬን ጥዬ በቀኝ እጄ አከክሁት።

«አሐዱ! እንዳትንቀሳቀሺ!» ብለው መምህሩ ጮኹ።

ደነገጥኩ። ምን አጠፋሁ? ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እጅሽን እንዳታወርጂ!»

ያን ጊዜ ነው እጄ የት እንዳለ ያወቅኩት። በአናቴ ላይ አልፎ፣ ጆሮዬን በሁለት ጣት ይዞ ነበር። መምህሩ መዝገቡን ከጠረጴዛው አንስተው እኔ ዘንድ መጡ፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሙሉ ስሜን ጠየቁኝና ጻፉት። ከዚያ ቆመው እንደ ጠዋቱ ጥሪ ከፍ አድርገው ጠሩኝ። «አቤት» አልኩ።

እጄን አታውርጂ ብለውኛል፤ አላወረድኩትም። እስኪደወልም አላወረድኩትም። ገበያውን አቋርጬ ስሄድ ጨው ሻጮቹ «ጆሮሽን ምን ሆንሽ?» ይሉኛል፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ አየችኝ። ገና ሳልናገር ገባት፤ እልልታዋን አቀለጠችው። አክስቴ ጌጤ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለኔ ይሁን ለራሷ ዛሬም አላውቅም።

«እንግዲህ የአማቴን ልጅ እለምናለሁ» አለች። «አንችን ደግሞ ከትምህርቱ ማን ይከለክልሻል? እሰይ።»

በካቡ ፍርስራሽ በኩል ተሻገርኩ። አባ ይርዳው መወጠሪያው ላይ ጎንበስ ብለው ይፍቃሉ። ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ። መፋቂያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ተጻፈ?»

«ተጻፈ።»

«ስንት ጨመርሽ?»

«ምንም አልጨመርኩም አባ። ያው ነኝ።»

«እንግዲያስ አሁን አውርጂው» አሉኝ።

ክንዴ ደንዝዞ አልታጠፍ አለኝ። የቆዳ ሽታ ባለው እጃቸው ይዘው፣ ቀስ አድርገው እሳቸው አወረዱልኝ።